ዘላ ነው ወይስ ተገፍታ?

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ነገር አለው። እዚህ ንፋስ መውጫ ገበሬው ዝናብ ይጠብቃል፣ ነጋዴው ከደብረ ታቦር የሚመጣውን የጭነት መኪና ይጠብቃል፣ የመንግሥት ሠራተኛው ዝውውር ይጠብቃል። እኔ ደግሞ መኖሬን እንኳ የማታውቅ አንዲት ህንዳዊት የፊልም ተዋናይ የሕይወት ታሪኳን ጽፋ እስክትጨርስ እጠብቃለሁ። አትሳቁ። እናንተም ከዚህ የባሰ ነገር ትጠብቃላችሁ።

ሴትዮዋን ያወቅኋት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ጓደኞቼ ስለ ዘፈኗና ስለ ወገቧ ሲያወሩ እኔን የሚገርመኝ ዝምታዋ ነበር። ሌሎቹ ተዋናዮች ሲያለቅሱ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ እንባቸውን አንድ በአንድ እያሳዩን ነው። እሷ ግን ጀርባዋን ትሰጠናለች። ትከሻዋ አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል፤ በቃ። አዳራሹ ሙሉ ሰው መሐረብ ፍለጋ ኪሱን ይዳብሳል። እንዲህ ያለ ችሎታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ ባለሥልጣን ሲያለቅስ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ተመርቄ መምህር ሆኜ እዚህ ስመደብ አብዮቱ ገና ትኩስ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሕዝቡን ታነቃለች የተባለች የፊልም መኪና መጣች። የእህል መጋዘኑ መስኮት በጆንያ ተሸፈነ፣ ነጭ አቡጀዴ ግድግዳው ላይ ተወጠረ፣ ገበያተኛው አህያውን ደጅ አስሮ ገባ። ፊልሙ በህንድኛ ነው፤ ከሥር እንግሊዝኛ ይጻፋል። እንግሊዝኛ ያውቃል ተብዬ ድምፅ ማጉያው እጄ ላይ ወደቀ። አቡጀዴው ላይ ብቅ ስትል እሷው ናት!

ባሏ የሞተባት ደሃ ሆና ነው የምትሠራው። ባለርስቱ በግድ ላግባሽ እያለ ያሳድዳታል። መጨረሻ ላይ ወንዝ ዳር ይደርስባትና እጁን ይዘረጋል። እሷ ጀርባዋን ትሰጠናለች። ትከሻዋ ከፍ፣ ዝቅ። ከዚያ ውኃው ብቻ ይታያል። የመጨረሻ ቃሏ ከሥር ተጽፎ ነበርና እንዳለ ተረጎምኩት፤ «ማንም አልወሰደኝም፤ በገዛ እግሬ ሄድኩ።»

መጋዘኑ በእሪታ ተናጋ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ የከተማው ሴቶች ጠላ ሻጯ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ለቅሶ ተቀመጡ። ተዋናይ ናት፣ አልሞተችም ብዬ ለማስረዳት ብሞክር እትዬ ጥሩወርቅ «ተዋናይ ነፍስ የላትም?» ብለው አፈጠጡብኝ። እዚሁ አቅራቢያ ካለው ከቤተ ልሔም ደብር ለገበያ መጥተው ያደሩት አባ ወልዴ ጸሎት ያደርጉላት ዘንድ ተለመኑ።

«ክርስቲያን ለመሆኗ ምን ማስረጃ አላችሁ?» አሉ አባ፣ ነገሩን በቀልድ ሊያሳልፉት።

«ግንባሯ ላይ ተነቅሳለች፣ አባቴ! ሁላችንም አይተናል።»

ከሴቶቹ ግንባሩን መስቀል ያልተነቀሰ አልነበረምና አባ ክርስትናዋን ተቀበሉ። ቀጥለው ግን ራሱን ላጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት እንደሌለ ተናገሩ። ዘላ ነው የገባችው ወይስ ተገፍታ? ይህን የሚያውቅ አስተርጓሚው ነው ተባለና ወደ እኔ መጡ።

ዘላ ነው አልኩ። ጽሑፉ ያለው ይህንኑ ነዋ!

በሳምንቱ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። የፖለቲካ ኃላፊው ተነሥቶ «ጭቁን ሴት ራሷን አታጠፋም፤ ባለርስቱ ነው የገደላት፤ መምህሩ ፊልሙን አጣሟል» አለ። ያኔም ቢሆን ይቅርታ ጠይቄ መውጣት እችል ነበር። ነገር ግን እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ ብድግ አሉ።

«እጁን ባይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ገፍትሯታል። ይኼ መምህር ምን ዘመዱ ሆኖ ነው ባለርስቱን የሚያድነው?»

ጭብጨባው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለውጭ አገር ትምህርት ታጭቼ ነበር፤ ስሜ ተሰረዘ። እኔም መኪና ስትመጣ ሕዝብ እንደ ጥምቀት ወጥቶ ወደሚያያት ወደ ወገዳ ተላክሁ። አባ ወልዴ በበኩላቸው ጉባኤው መገፋቷን ስለወሰነ ጸሎቱን አደረሱ። ቤተ ክህነትና አብዮቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የተስማሙትም በእኔ ላይ ነው።

ዓመታት አለፉና ወደ ንፋስ መውጫ መለሱኝ። ባለፈው ወር አንድ የውጭ ሬዲዮ በእንግሊዝኛ ሲያወራ የተዋናይቷን ድምፅ ሰማሁ። አርጅታለች። የሕይወት ታሪኬን እየጻፍኩ ነው፣ ስለዚያ ወንዝ ዳርም ብዙ የምለው አለኝ አለች። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። በዚህች ምድር ላይ ለእኔ ልትመሰክር የምትችል አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ብዕር አንሥታለች!

በቀጥታ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ገባሁ። ጠጪው በርከት ብሎ ነበር፤ ደስ አለኝ።

«እትዬ፣ ያች ያለቀሱላት ሴት መጽሐፍ እየጻፈች ነው።»

ጣሳውን እንደያዙ ቀሩ። «በሕይወት አለች?»

«አለች እንጂ! በጆሮዬ ሰማኋት።»

«ተርፋለች በለኛ!» እልልታቸው ቤቱን ሞላው። «አያችሁ? ልሙት ብላ የገባች ብትሆንማ መች ትወጣ ነበር? የተገፈተረ ነው ታግሎ የሚወጣ! የአባ ወልዴ ጸሎት ነው ያወጣት።»

ጠጪው ሁሉ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። ባቀረብኩት ማስረጃ እንደገና ተፈረደብኝ።

«ግድ የለም፣ መጽሐፉ ሲመጣ እናያለን» አልኩ እንደ ምንም።

«ይምጣ፣ ይምጣ!» አሉና ጠላ ቀዱልኝ፤ በነጻ። ቀጥለው እንደ እናት ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ብቻ ልጄ፣ አደራህን፣ አንተ እንዳትተረጉምልን።»

መጽሐፉን እየጠበቅሁ ነው። አስተርጓሚም እየፈለግሁ ነው።