መምህር ሔሩይ ኢንዶኔዥያኛ ሲያስተምሩ

(መቀሌ፣ ሮማናት አደባባይ አጠገብ፣ ጠዋት። የወሎው ልጅ ኑርሁሴን ሱቁ ውስጥ ሽርጥ ያጣጥፋል። የጂኦግራፊ መምህሩ ሔሩይ ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሩፋይዳ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት የሽርጥ ነጋዴ ዛሬ መጥታ ለከተማው አንድ ወኪል ትመርጣለች። መምህሩ ጃካርታ ሦስት ሳምንት ሠልጥነው ስለመጡ ቋንቋውን ሊያስተምሩት ቃል ገብተዋል።)

ሔሩይ፦ ኩርሲ ማለት ወንበር ነው አልኩህ። ኢንዶኔዥያኛ ነው።

ኑርሁሴን፦ ኩርሲማ ዐረብኛ ነው መምህር። ቁርኣን ቤት ነው የማውቀው።

ሔሩይ፦ የቁርኣን ቤቱን እርሳው፣ ያምታታሃል። ቋንቋ የሚገባው በባህል ነው። እነሱ ቤት ሲገቡ ጫማ ያወልቃሉ።

ኑርሁሴን፦ እኛም እናወልቃለን።

ሔሩይ፦ በቀኝ እጃቸው ይበላሉ።

ኑርሁሴን፦ በግራማ ማን ይበላል።

ሔሩይ፦ (ትዕግሥታቸው እያለቀ) ወንዱ ሽርጥ ያገለድማል።

(ኑርሁሴን ያገለደመውን ሽርጥ ቁልቁል አየ።)

ኑርሁሴን፦ እንግዲያው ባህሉን ጨረስኩ?

ሔሩይ፦ ገና አልጀመርክም። ስትመጣ እኔ አናግራታለሁ።

ኑርሁሴን፦ ሐራይ፣ እርስዎ ካሉ።

(ሔሩይ ግን ፈራ ተባ አሉ። ሥልጠናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ኢንዶኔዥያኛው ያለው ደብተራቸው ላይ ብቻ ነው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሩፋይዳ ፈገግ ብላ ገባች።)

ሩፋይዳ፦ አፓ ካባር?

(ሔሩይ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ።)

ሔሩይ፦ (በሹክሹክታ) ሰው ሞቶባታል። ቀብር ነው የምትለው። አንተም አዘን በል።

ኑርሁሴን፦ ኸበር ነው እንጂ መምህር፣ ወሬ ማለት ነው። እንዴት ናችሁ ነው የምትለን። (ወደ እሷ) አልሐምዱሊላህ።

(የሴትየዋ ፊት በራ። ኑርሁሴን ወንበር ስቦ «ኩርሲ» አላት፤ ተቀመጠች። ናሙናዎቿን ዘረጋች። የእሷ ቃልና የእሱ የቁርኣን ቤት ቃል እየተጋገዙ፣ ያልተገናኘውን በእጃቸው እያሟሉ ተግባቡ፤ ወኪልነቱም የኑርሁሴን ሆነ። ሔሩይ ገና ሦስተኛውን ገጽ ያገላብጡ ነበር። ሩፋይዳ በዓይኗ ወደ እሳቸው ጠቆመች።)

ሩፋይዳ፦ ሙሪድ?

ኑርሁሴን፦ (ጥቂት አስቦ) ሙሪድ።

ሔሩይ፦ ምን አለችህ?

ኑርሁሴን፦ ስለ እርስዎ ጠየቀችኝ።

ሔሩይ፦ (ኮታቸውን እያስተካከሉ) መምህርህ ናቸው ወይ አለች?

ኑርሁሴን፦ ደረሳህ ናቸው ወይ፣ ተማሪህ ናቸው ወይ ነው ያለችው።

ሔሩይ፦ አንተስ?

ኑርሁሴን፦ አዎ አልኳት። አይክፋዎት መምህር፤ ለጀማሪ ደህና ነዎት።