የማኪያቶው ካቢኔ

ኬክ ቤት ተቀምጦ አገር የሚያደራድር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ፒያሳ ላይ ገጥሞኛል። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሰሜኑ በሬዲዮ «ወንበዴ»፣ በሹክሹክታ «ታጋይ» በሚባሉት እጅ ገብቶ፣ ውጭ አገር ድርድር ተጀመረ በተባለበት ሰሞን፣ እሳቸው ማኪያቷቸውን እያማሰሉ የሽግግር መንግሥት ያቋቁሙልን ነበር።

«ተፈራን ፍትሕ ሚኒስትር አድርገነዋል» አሉን አንድ ቀን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በማግስቱ ከጠረጴዛችን የተፈራ ወንበር ባዶ ሆነ።

«ለድርድሩ ተጠርቶ ይሆናላ!» አሉ ኮራ ብለው።

ግርማን ውጭ ጉዳይ ላይ ሾሙት። ግርማም ቀረ። ታዲያ ይኼ ድርድር ስንት ሰው ነው የሚፈልገው? እኔማ፣ ምን እዋሻችኋለሁ፣ ሳልሾም በመቅረቴ ቅር ብሎኝ ነበር።

ከጎናችን ጋዜጣ የሚያነብ ሰው አይጠፋም። ገጽ ሲገልጥ ግን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

አንድ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ቀሩ። ባለጋዜጣው ተነስቶ መጣና እሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጋዜጣውን አጠፈ፤ ማኪያቶ አዘዘ፤ ልክ እንደሳቸው ቀስ አድርጎ አማሰለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣

«አንተ እስካሁን አልተሾምክም፣ አይደል?» አለኝ።