ለትንሽ ጨጓራ ትልቅ ጉርሻ

በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ቡና ሲለቀም፣ ጨጓራዬን በቀዶ ጥገና አሳንሼ፣ ክብደቴ እስኪቀንስም ወራት ከርሜ ከአዲስ አበባ ወደ ቴፒ ተመለስኩ። ሰውነቴ የገዛ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት ሕመም አለብኝ። መድኃኒቱ አወፈረኝና ጉልበቴ ሊሸከመኝ አቃተው፤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መስገድ እንኳ ከቀረብኝ ቆይቶ ነበር። ሐኪሙ ሲሸኘኝ «ከጥቂት ማንኪያ እንዳታልፊ፣ ትታመሚያለሽ» አለኝ።

ለመሆኑ «በሞቴ» ሳይሉ ማብላት የማይችሉ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ የእነዚህ ሰዎች አለቃ ናቸው። ቅቤ የተንጣለለበት ገንፎ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ።

«ውይ ልጄ፣ አለቅሽ እኮ! በሞቴ፣ አንዴ ጉረሺልኝ።»

«ጨጓራዬ ተቆርጧል እኮ፣ እትዬ።»

«የቀረው አለ አይደል? በሞቴ!»

እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ብጎርስ እኔ ልታመም ነው፣ ባልጎርስ እሳቸው ሊሞቱ ነው!

«እርስዎ ይብሉልኝ፣ በሞቴ» አልኳቸው።

ደነገጡ። ግን «በሞቴ» እንዴት እምቢ ይባላል? ላብ እያጠመቃቸው ገንፎውን ጠርገው በሉልኝ።

መቼስ ቢወዱኝ ነው። አዲስ አበባ ስከርም ልጆቼን ያበሉልኝ እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሰገድኩ፤ ማንም ሳያነሳኝ ተነሣሁ። ሁለተኛውን ስግደት ስለ እትዬ ሙሉ ሰገድኩ።