እትዬ ሜትር አፋቸውን የያዙ ጊዜ

ሰውን ከሰላምታ በፊት የሚመዝን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ጉንፋን ይዟችሁ ሦስት ቀን ተኝታችሁ ብትወጡ፣ "ደህና አደራችሁ" ከማለቱ በፊት "ውይ! ምነው እንዲህ ተመጠጣችሁ?" ይላችኋል። እረፍት ወጥታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ አላፊ አግዳሚው ዞር እስኪል ድረስ "ኧረ ይሄ ጉንጭ የማን ነው!" ይላል። ክፉ ነው እንዳትሉ፣ ስትታመሙ ቀድሞ በራችሁን የሚያንኳኳው እሱ ነው። ደግ ነው እንዳትሉ፣ ያን ቀን የለበሳችሁትን ሱሪ ሁለተኛ አታደርጉትም።

የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ ክብርት እትዬ ሜትር ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል እንጂ ሲነኩት ያየ የለም፤ ደንበኛው ደጃፉን ሳይረግጥ በዓይናቸው ለክተው ይጨርሳሉ። የለኩትን ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ አያሳድሩትም። በዚያ ላይ ደንበኛን በስም አያውቁም። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ላይ በስፒል በሚያያይዟት ቁራጭ ወረቀት "ሞላ ያለችው"፣ "ሸምበቆዋ"፣ "ቦርጬን ደብቁልኝ ያለው" ብለው ይጽፋሉ። ስም ይረሳሉ፤ ትከሻ ግን ረስተው አያውቁም።

አብራቸው የምትሰፋው የእህታቸው ልጅ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። እሷ ደግሞ ሰው የትኛው ቃል እንደሚያስከፋው ለይቼ አውቃለሁ ብላ ተነሳች። ጉዷ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ባንክ ቤት የምትሠራዋ "ቀጥነሻል" ስትባል ደስ ብሏት እህቷን ይዛ መጣች። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ያንኑ ቃል፣ ከዚያው አፍ፣ በሳምንቱ ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "በሽተኛ መሰልኩ እንዴ?" አለች። ሾፌሩ "ወፍረሃል" ሲባል ደረቱን ነፍቶ ወጣ፤ ሚስቱ "ወፍረሻል" ስትባል ጉርድ ቀሚሷን ሳትወስድ ወጣች። የእህት ልጅ ነገሩን ላለዝብ ብላ አንዷን ወይዘሮ "ደልደል ብለዋል" ብትላቸው፣ "አልጋ ነኝ እንዴ?" ብለው አፈጠጡባት። በማግስቱ ሌላዋን "ተስማምቶሻል" አለቻት። "ምኑ?" አለች ሴትዮዋ። የእህት ልጅ ምኑ እንደሆነ አላወቀችም።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፣ አስተማሪዋ እስኪቀየሙ ድረስ።

አስተማሪዋ የእትዬ ሜትር ጓደኛ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መስኮቱ ሥር ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ፈተና እያረሙ አብረው ሰው ያሙ ነበር። ሰፊ ሰው፣ ሰፊ ልብስ የሚወዱ ሰው ነበሩ። እትዬ ሜትር "ድንኳኔ" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም "ዝናብ ሲመጣ ታውቂኛለሽ" ብለው ይስቃሉ። አንድ ቅዳሜ ግን ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ ከሁለት ወጣት መምህራን ጋር መጡ። አንደኛዋ ወረቀቱን ከቀሚሱ ላይ ነቅላ ጮክ ብላ አነበበችው። "ድንኳኗ!" ሁለቱም ተያይተው በሳቅ ፈነዱ።

አስተማሪዋ አልሳቁም። "በአፍሽ ሃያ ዓመት ሰማሁሽ" አሉ ቀስ ብለው። "ጽፈሽ ትለጥፊብኛለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።" ቀሚሱን ትተው ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማው ባዶ ዋለ። በሌላውም።

የእህት ልጅ ተቆጣች። "ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፈው እትዬ። ስለ ሰው ገላ አንዲት ቃል እንዳትወጣዎት!" ብላ በእናታቸው አጥንት አስማለቻቸው።

እትዬ ሜትር ማሉ፤ አፋቸውንም ያዙ። ሰፈሩ ግራ ተጋባ። ሾፌሩ መስታወቱ ፊት ሁለት ጊዜ ዞሮ "እትዬ፣ ምንም አልታየዎትም?" ብሎ ጠየቀ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት የእህት ልጅን ወደ ጥግ ጎትታ "ምን አይተውብኝ ነው የማይናገሩት? በሞቴ ንገሪኝ" አለቻት። ሰው ሲናገሩት ይከፋዋል፣ ዝም ሲሉት ይፈራል። የእህት ልጅ ራሷን ያዘች።

ሰማያዊው ቀሚስ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ሦስት ወር ሆነው። እትዬ ሜትር ቅዳሜ ቅዳሜ አውርደው ይተኩሱታል። የእህት ልጅ "ማንም ያልለበሰው ቀሚስ ከምን ተጨማደደ?" ብትላቸው፣ "ከመሰቀል" አሉ።

በአሥራ ሦስተኛው ቅዳሜ አስተማሪዋ መጡ። የለበሱት ልብስ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

"ቲቸር! እንዴት አምሮብዎታል!" አለች የእህት ልጅ ተሽቀዳድማ።

አስተማሪዋ እትዬ ሜትርን ነበር የሚያዩት።

"ደህና ነሽ?" አሉ እትዬ ሜትር።

"ደህና ነኝ።"

"እሰይ።"

"ሌላ የምትይኝ የለም?"

እትዬ ሜትር የእህታቸውን ልጅ አዩ፤ ወጥቼ ልምጣ ብሎ እጁን እንዳወጣ ተማሪ። "የለም" አሉ።

አስተማሪዋ በርጩማው ላይ ዘፍ አሉ። "እዚህ እስክደርስ ሰባት ሰው አገኘሁ። ሰባቱም አምሮብሻል አሉኝ። አንዷማ ምን እንደምትበዪ ጻፊልኝ አለችኝ። እህል አልወርድ ካለኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ለማን ልናገር? እሷ ታየዋለች ብዬ፣ ቂሜን ውጬ፣ አንቺ ጋ መጣሁ። አንቺ ደግሞ እሰይ ትይኛለሽ!"

እትዬ ሜትር ከስፌት መኪናቸው ኋላ ተነሱ። መሐላውም አብሮ ተነሳ።

"ከስተሻል!" አሉ። "አልቀሻል! ትከሻሽን የት ጣልሽው? አላማረብሽም፣ ምንም አላማረብሽም! ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤት አብረን ነን፣ እንቢ ካልሽ ተሸክሜሽ ነው የምሄደው፤ አሁንማ ምን አለሽና!"

አስተማሪዋ ይሳቁ ያልቅሱ የእህት ልጅ አልለየችውም። መሐረብ ግን አቀበለቻቸው።

ሰማያዊው ቀሚስ ሲለካ ሁለት አስተማሪ የሚይዝ ሆነ። የእህት ልጅ ትርፉን በጠመኔ አስምራ መቀስ ስታነሳ፣ እትዬ ሜትር እጇን ለቀም አደረጉት።

"አይቆረጥም! ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋ። ስትመለስ እንፈታዋለን።"

"ካልተመለስኩስ?" አሉ አስተማሪዋ።

"ይጎርብጥሽ እንጂ አልቆርጠውም።"

የእህት ልጅ አጥፋ፣ በስፒል ይዛ፣ ቁራጭ ወረቀቷን አወጣች። ቁጥር እንዳትጽፍ የቱን ቁጥር? ቃል እንዳትጽፍ የቱን ቃል? "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች ግራ ገብቷት።

"የነበረውን" አሉ አስተማሪዋ።

"ለጊዜው የታጠፈች በይበት" አሉ እትዬ ሜትር።

እንዳሏት ጻፈች፦ "ድንኳኗ፣ ለጊዜው የታጠፈች"። ስድብ ይሁን ቁልምጫ እሷ እንጃ። አስተማሪዋ ወረቀቷን ተቀብለው እንደ ፈተና ሁለት ጊዜ አነበቧት፤ ከቦርሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና ራይት አደረጉባት።