ለጋሼ የሚሆን አገር ፍለጋ

እኛ ሰዎች አንድ ነገር ስንጀምር አስቀድመን የምንፈልገው ገንዘብ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ገና አልተዋወቅንም ማለት ነው። አስቀድመን የምንፈልገው ታላቅ ሰው ነው። ዕድር ይቋቋም ሲባል፣ ማኅበር እንጠጣ ሲባል፣ ልጆች ተሰባስበው ኳስ እንጫወት ሲሉ እንኳ፣ ገና ኳሱ ሳይገዛ «ሰብሳቢው ማን ይሁን?» ይባላል። ሰብሳቢው ደግሞ ሥራውን የሚያውቅ መሆን የለበትም። እንዲያውም ባያውቅ ይመረጣል፤ ጣልቃ አይገባማ። እዚህ ሚኔሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ የአንድ ኳስ ቡድን ፕሬዚዳንት የሆነ ጓደኛ አለኝ። ከተመረጠ ወዲህ አንድም ጨዋታ አይቶ አያውቅም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ይገባል። ልጆቹ ግን ፎቶ ሲነሱ መሃል ላይ ቦታ ይተዉለታል።

በዚህ ልማድ የተጎዳ ሰው አላውቅም ነበር። ታላቁ ይከበራል፣ ታናሹ ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል። ጣጣው የመጣው ይህ ልማዳችን ከአውሮፓ መንግሥታት ሕግ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘ ዕለት ነው። በመካከላቸው የተገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ፎርት ስኔሊንግ ኤርፖርት የመንገደኛ አውቶቡስ የምነዳው ሰውዬ።

ረድኤት የእህቴ የእታለማሁ ልጅ ናት። እናቷ አዲስ አበባ፣ እሷ ለትምህርት ጀርመን አገር፣ ድሬዝደን ከተማ፣ እኔ ሚኔሶታ። ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ስትቃረብ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጋር ሆና አንድ ነገር ሠራች፤ ለአረጋውያን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እየደወለ «የመድኃኒትዎ ሰዓት ደርሷል» የሚል የስልክ አገልግሎት ነው። ሐሳቡ የመጣው ከእኔ እንደሆነ ትናገራለች። የባለቤቴ እናት የሚኖሩት ክሪስታል በምትባለው ከተማችን፣ እኛ ቤት ነው። የመድኃኒታቸው ሰዓት ሲደርስ ስልካቸው ይጮሃል፣ እሳቸውም «ይህን ነገር ዝም አሰኙልኝ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህን ለረድኤት ሳጫውታት «የሚጮህባቸው ሳይሆን የሚያናግራቸው ነበር የሚያስፈልጋቸው» አልኩ። በቃ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርኩት። የቀረውን ሁሉ እንቅልፍ አጥተው የሠሩት ልጆቹ ናቸው።

ታዲያ ድርጅት ሆኖ ይቋቋም ሲባል እታለማሁ ልጇን «አጎትሽ እያለ አንቺ ነሽ መሥራች የምትባዪው? ሰው ምን ይላል?» አለቻት። ረድኤትም ደወለችና «ጋሼ፣ ዋናው መሥራች እርስዎ ነዎት» አለችኝ። እኔም «ኧረ እኔ ምን ሠራሁና» አልኩ። እንደምታውቁት ይህ እንቢታ አይደለም፤ በእኛ ቤት የእሺታ መግቢያ ነው። በማግስቱ ኤርፖርት ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ «አውሮፓ ውስጥ አንዲት ድርጅት አለችኝ» ማለት ጀመርኩ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የአውሮፓ መንግሥታት አንድ ግራ የሚያጋባ አመል አላቸው፤ ገና ላልተሸጠ ነገር ገንዘብ ይሰጣሉ። ብድርም ላይሆን ይችላል። «አንቺ ተቀምጠሽ አስቢ፣ ቀለብሽን እኛ እንችላለን» የሚል መንግሥት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያደግኩበት መንግሥት ሰው ሲያስብ ሲያይ ነበር የሚጨነቀው። ብቻ ለማን ይሰጣል በሚለው ላይ እያንዳንዱ አገር የራሱ ሕግ አለው። ሕጉ ደግሞ የሥራውን ጥራት ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ የመሥራቹን ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የሚኖርበትን አገር ሳይቀር ይመረምራል። ልጅ ስንድር የምናጣራውን ያህል ያጣራሉ ማለት ነው።

ለረድኤት ይህ ድጋፍ የቅንጦት ነገር አልነበረም። ትምህርቷ ሲያልቅ የመኖሪያ ፈቃዷም አብሮ እያለቀ ነበር። ድጋፉን ካገኘች የሠራችውን ይዛ እዚያው ትቀጥላለች። ካጣችው አገልግሎቱ ይበተናል፣ እሷም ያገኘችውን ሥራ ትይዛለች፣ ካልሆነም ሻንጣዋን ትሸክፋለች።

መጀመሪያ ጀርመንን አየች። «ጋሼ፣ ጀርመን ትንሽ ታስቸግራለች» አለችኝ። መሥራቾቹ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወይም ለመውጣት የተቃረቡ፣ እዚያው የሚኖሩና ሙሉ ጊዜያቸውን ለሥራው የሚሰጡ መሆን አለባቸው። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ፈተና የተቀመጥኩት ለአውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ነው። «አይዞሽ፣ አገር ሞልቷል!» አልኳት፣ ያጽናናኋት መስሎኝ።

እሷም አገር ፍለጋ ወጣች። ጣልያን ለወጣቶችና ለሴቶች የሚያደላ ድጋፍ አላት፤ «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ወጣትም ሴትም እንዳልሆንኩ መናገር ከብዷት እኮ ነው። ፈረንሳይ ሥራ አጥቶ የራሱን ድርጅት ለሚያቋቁም ሰው ድጎማ አላት ተባለ፤ ባለቤቴ ወይንሸት ግማሹን ብቻ ሰምታ «እንዳታስበው!» አለችኝ። ለነገሩ ባስበውም ሥራውን ማጣት የነበረብኝ እዚያው ፈረንሳይ ሆኜ ነው። ኔዘርላንድ ከውጭ ለሚመጣ መሥራች ፈቃድ ትሰጣለች፣ ግን አገሯ ገብቶ ልምድ ያለው አማካሪ ይዞ ነው፤ ገንዘቡን ራስህ ፈልግ ትላለች። ኢስቶኒያ ግን ክሪስታል ቤትህ ተቀምጠህ ድርጅትህን በኮምፒውተር አስመዝግብ ትላለች ሲባል «እሰይ፣ ሰው የሆነች አገር ተገኘች!» አልኩ። ለካ የምትሰጠው ካርድ መኖሪያም አያሰጥ፣ ገንዘብም አያሰጥ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸው ነው። ልጅቷ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር የምታስሰው ከሚኔሶታ ያልወጣ፣ ጡረታው የተቃረበ ሾፌር የሚቀበል መንግሥት ፍለጋ ነበር። የእኔን ስም ብትሰርዝ ጀርመን ብቻዋን ትበቃት ነበር። ግን ምን ብላ ትሰርዘኝ? የሰፈር ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ እናቷ ለንስሐ አባቷ ሳይቀር ነግራለች።

እኔስ? እኔም ሆድ ይፍጀው እያልኩ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ መጥተው ድሬዝደን ይኑሩልኝ» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? የቤቱ የባንክ ዕዳ አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ አማቴ አሉ። ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ። እንቢ ብላት ደግሞ የእህቴን ልጅ እንጀራ የቆረጥኩ እኔው ነኝ። ስለዚህ ምን አደረግኩ? በስልኬ ጀርመንኛ መማር ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ወይንሸትን እንደምን አደርሽ ለማለት «ጉተን ሞርገን» ብላት ዳቦዋን አስቀምጣ «አንተ ሰውዬ፣ ጤናህን ነው?» አለችኝ።

እንዲህ እየተፈራራን ሰነበትንና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሴት ልጄን ሊድያን ጓደኛዋ ቤት ላደርሳት ወደ ጎረቤታችን ከተማ ወደ ፍሪድሊ ስንሄድ ረድኤት ደወለች። መኪናው ውስጥ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ የጀርመኑ ማመልከቻ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘጋል። ግን ለእርስዎ እንዳይከብድ ብዬ… ሥራም አለብዎት… መንገዱም ሩቅ ነው…»

«ኧረ ለአንቺ ብዬ ምን ይከብደኛል!»

«እሱማ አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች፤ በረጅሙ ተነፈሰችና ተሰናብታኝ ዘጋች።

ሊድያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ምን ያስቅሻል? ድራይቭ እያደረግኩ ነው!»

«ዳድ፣ ሺ ዋንትስ ዩ ቱ ኩዊት! ሺ ጀስት ካንት ሴይ ኢት!»

የእኔ ልጅ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ፤ ስለዚህ አንዳንዴ ነገሩ እስኪገባኝ ትራፊክ መብራት አልፋለሁ። ይህኛው ግን ወዲያው ገባኝ። ረድኤት ልቀቅልኝ ነው የምትልህ፣ አፍ አውጥታ መናገር ግን አልቻለችም። ልጄ አገሯ እዚህ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ሰምታ ያደገች ናት። እኛ ሁለታችን ግን አምስት አገር ዞረን ያልደረስንበትን ነገር ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነገረችኝ።

ማፈር ነበረብኝ። ጆሮዬ ትንሽ ግሎ ነበር፣ አልዋሽም። ከእፍረቱ በላይ ግን እፎይታው በለጠ። ድሬዝደን ቀረችልኝ! የጀርመንኛው ትምህርት ቀረልኝ! ያገኘሁት ነዳጅ ማደያ ገብቼ መኪናዬን አቆምኩና መልሼ ደወልኩላት። ደወልኩ እንጂ መጀመሪያ ጤናዋን ጠየቅኩ፣ ቀጥዬ ብርዱን፣ ቀጥዬ የጓደኛዋን ጤና። ሊድያ ከኋላ ወንበሬን በጉልበቷ ነካችኝ።

«ረድኤት፣ ከመሥራችነቱ አውጪኝ» አልኩ በመጨረሻ። «ኑሮዬ እዚህ ነው፣ አልችልም። በማርያም፣ ልቀቂኝ።»



«ጋሼ፣ ተቀይመውኝ ነው?»

«አልተቀየምኩም። ስፈራ ነው የከረምኩት።»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ደስታ ነው ብዬ ሰማኋት። ትንሽ ቆይታ ግን «ሰኞ ሁሉንም ነገር እንደተውኩት ለፕሮፌሰሬ ልነግረው ነበር» አለችኝ። «ለጓደኛዬም ነግሬያታለሁ፤ አኩርፋኛለች። እርስዎን ውጡ ከምል እኔ ብወጣ ይቀለኛል ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ልጅቷ የደከመችበትን ሁሉ፣ የምትኖርበትን አገር ጭምር፣ ለእኔ ማዕረግ ብላ ልትጥለው ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ዘንድ በሽታው እኔ ነበርኩ፣ ደባቂዋ እሷ። አንድ ቃል መናገር ላልደፈረችው ልጅ አዘንኩ፤ ደግሞም እንዲህ አክብራኝ ምንም ሳትናገር ልትጠፋ እንደነበር ሳስብ በራሴም አዘንኩ። «በይ አሁን ለጓደኛሽ ደውዪላት» አልኳት።

የቀረችው እታለማሁ ነበረች። ለእሷ ራሴ ደወልኩ፤ የሽምግልናውን ነገር ለልጅቷ መተው አይቻልም።

«ምን አድርጋህ ነው የወጣኸው?» አለች ገና ሳልጨርስ።

«እሷ ምንም አላደረገችኝም። የጀርመን መንግሥት ነው ያስወጣኝ።»

«እ? መንግሥት ነው?»

«አዎ፣ ሕጉ አይፈቅድም አሉ።»

«እንግዲህ መንግሥት ካለ ምን ይደረጋል» አለችና ስለ ጎረቤቷ ሠርግ ታወራልኝ ጀመር። ከልጇ አፍ ቢወጣ ለትንሣኤ እንኳ የማይበርድ ነገር ከመንግሥት ሲመጣ እንደ ዝናብ ተቀበለችው። የእነዚያ ሕጎች ጥቅም ያን ዕለት ገባኝ።

ማመልከቻው በሁለቱ ልጆች ስም ገባ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተፈቀደ። ረድኤት የምሥራቹን ልትነግረኝ ስትደውል ጓደኛዋ ከጎኗ ትጮህ ነበር፣ እኔም አውቶቡሴ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ያንን የመሰለ ደስታ ከሰማሁ ቆይቼ ነበርና ሞቅ አለኝ። ሞቅ ሲለኝ ደግሞ ሐሳብ ይመጣልኛል።

«እንግዲያው ድርጅቱ በሚመረቅበት ዕለት በቪዲዮ አጠር ያለች ንግግር አደርጋለሁ» አልኳት።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች፤ ደስ እያላት፣ እየሳቀች፣ ትንፋሽ እንኳ ሳትወስድ። «ምረቃ የለንም። ሥራ ነው ያለን።»

«ጥሩ፣ ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መነጋገር!» ብዬ መረቅኳት።

ማታ ራት ላይ ድምፄ ጠፍቶ ወይንሸት «ምን ሆነሃል? ያኮረፍክ ትመስላለህ» አለችኝ።

«ኧረ ምንም አልሆንኩም» አልኳት።