ማሰሪያ አንቀጽ የማይጠብቀው ሰው

ነገር ተነግሮ ሳያልቅ የሚገባው ሰው የሌለበት ቦታ የለም። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ፣ በየሰፈሩ ሁለት፣ በየሐኪም ቤቱ ወረፋ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ይገኛሉ። ወሬ ጀምረህ ለትንፋሽ ስትቆም እሱ ጨርሶልህ ራሱን እየነቀነቀ ታገኘዋለህ። ስለ ጥርስህ ልትነግረው ስትጀምር የኩላሊት መድኃኒት ያዝልሃል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ልፋትህን የቀነሰልህ እየመሰለው ደስ ይለዋል።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ባል የእነዚህ ሁሉ አለቃ ነበር። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ሌላው ሰው "ገባኝ" የሚለውን ቃል በነገር መጨረሻ ሲጠቀምበት እሱ በመግቢያው ላይ ስለሚያውለው፣ የሚያውቁት ሁሉ "ክቡር አቶ ገባኝ" ይሉታል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ተረት እሱ ከመወለዱ በፊት መተረቱ ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነው።

በሌላ ቋንቋ ቢወለድ ኖሮ ጉዳቱ ቀለል ይል ነበር። አማርኛ ግን ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ሸሽጎ የሚይዝ ቋንቋ ነው። የሞተውና የዳነው፣ የመጣውና የቀረው የሚለየው በመጨረሻዋ ቃል ነው። መሀል ላይ ብድግ ብሎ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ምን ይዞ እንደሚሄድ አስቡት።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ እየቀደደች "ያንን ደማቅ ቢጫ ክር ከጥጉ ሱቅ..." ስትል "ገባኝ" ብሎ ወጣ። የቀረችው ቃል "እንዳታመጣ" ነበረች፤ ክሩ ሲታጠብ ቀለም ይለቃል። ክቡር አቶ ገባኝ በካርቶን ተሸክሞት ተመለሰ። የሰፈሩ የትራስ ልብስ ሁሉ ጠርዙ ቢጫ የሆነው በዚያ ዓመት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ጎረቤታቸው በር ላይ አግኝቶት "ልጄ ከዩኒቨርሲቲ..." ብሎ ሲጀምር፣ "ገባኝ፣ እንኳን ደስ አለህ" ብሎ አቀፈው። የቀረችው ቃል "ተባረረ" ነበረች። ጎረቤትየው ምን ያድርግ፣ አብሮ ተቃቀፈ።

ልብስ ሰፊዋ ለእህቷ ስታማው "የኔ ትዳር ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው፤ አራት ነጥብ አይቼ አላውቅም" ትል ነበር።

ይሄ ሰው አንድ ትልቅ ምኞት ነበረው። መሥሪያ ቤቱ የሚያስገባቸው አዳዲስ ሊፍቶች ከድሮዎቹ የተለዩ ስለሆኑ፣ አንድ ባለሙያ ወደ ፋብሪካው አገር ተልኮ እንዲማር ተወሰነ። አለቃውም "ከአንተ የተሻለ እጅ የለንም" አለው። ቅድመ ሁኔታው የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ብቻ ነው። ማንበቡን አለፈ። መጻፉን አለፈ። መናገሩንማ ፈታኙን የመጠየቂያ ጊዜ አሳጥቶ አለፈ። ማዳመጡን ወደቀ።

"የጆሮ ማዳመጫው ይንሿሿል" አለ ለሚስቱ።

ደግሞ ተፈተነ፤ ደግሞ ወደቀ። በእሱ አባባል ይሄኛው መስኮት አጠገብ ስላስቀመጡት ነው። አለቃው ግን አምርሮ ነገረው። አንድ ዕድል ብቻ ቀርቶታል፤ በሚቀጥለው ፈተና ካላለፈ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ክቡር አቶ ገባኝ ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ እስኪተኛ ድረስ አንድ "ገባኝ" እንኳ አልወጣውም። ይህም ሚስቱን ከመውደቁ ይልቅ አስደነገጣት።

በማግስቱ እጁን ይዛ አንዲት ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህርት ዘንድ ወሰደችው። መምህርቷ ቀሚሳቸውን የምትሰፋላቸው እሷ ናት። ብዙ ሳያወሩ ከስልካቸው አንድ የመለማመጃ ቅጂ ከፈቱለት። አንዲት ሴት የዳንስ ትምህርት ቤት ደውላ ስለ ምዝገባ ትጠይቃለች። የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ "ትምህርቱ አሥራ አራት ቁጥር ክፍል ነው" ሲል ክቡር አቶ ገባኝ አሥራ አራት ብሎ ጻፈ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ እጁን አጣጠፈና ወደ ሚስቱ ፈገግ አለ። ቅጂው ግን እየቀጠለ ነበር። "ይቅርታ፣ እሱ ክፍል ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ወደ ሃያ ተዛውሯል" አለ ሰውዬው።

መምህርቷ ስልኩን አቆሙት።

"ጆሮህን ለሐኪም አሳይተሃል?"

"አዎ መምህርት፣ ጤነኛ ነው አሉኝ።"

"እውነታቸውን ነው። ጆሮህ ምንም አልሆነም። አፍህና እስክሪብቶህ ግን..."

"ገባኝ።"

"አልገባህም ልጄ። ገና አልጨረስኩም።"

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን በመሐረብ አፈነች። መምህርቷ ቀጠሉ። እንግሊዝኛውን ለጊዜው እንዲተወው፣ ቤቱ ሄዶ መጀመሪያ በገዛ ቋንቋው እንዲለማመድ አዘዙት። ሚስቱ ታወራለች፤ እሱ እስክትጨርስ አፉን አይከፍትም። ስትጨርስ ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ይመልሳል። ወደ እሷ ዞረውም "አንቺ ደግሞ እንዳትራሪለት" አሏት።

ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ሁሉ የምትጀምርበትን ወሬ እየመረጠች ነው የተመለሰችው። በትዳሯ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈቃድ በባለሙያ ታዞላት አያውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ቁርጥራጩን ጨርቅ ጠረገች፤ ደንበኛ እንዳይገባ በሩን ዘጋች፤ ወንበሩን ከስፌት መኪናዋ ፊት ለፊት አስቀመጠችለት። ከቁልፍ ማስቀመጫዋ ጣሳ ውስጥ አንዲት ትልቅ የካፖርት ቁልፍ መርጣ በከንፈሮቹ መሀል አስያዘችው።

"ይቺ ከወደቀች ዜሮ ነህ" አለችው።

ራሱን ነቀነቀ።

"ባለፈው ወር የሙያ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ..." ብላ ጀመረች። ይህን ነገር ከዚያ በፊትም ልትነግረው ሞክራ ነበር። በጀመረች ቁጥር "ገባኝ፣ ዩኒፎርም ልታሰፋሽ ነው፣ እሺ በያት" እያለ ሄዷል። አሁን የሚሄድበት አልነበረውም። ዓይኑ ፈጠጠ፤ አንገቱ ቀላ፤ ቁልፏ በከንፈሩ ላይ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልወደቀችም።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ወንዝ ወረደች። ኃላፊዋ እዚያው የተሰቀለ ኮት ገበር ገልብጣ አይታ ማን እንዳስተማራት እንደጠየቀቻት፣ ማንም እንዳላስተማራት ስትነግራት እንደተገረመች፣ ከዚያም "ሌሎችን አስተምሪልኝ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ሴቶች እየጠበቁ ናቸው" እንዳለቻት ነገረችው። መልሷን እንድታስብበት ጊዜ እንደሰጠቻት፣ ያ ጊዜ እያለቀ መሆኑን ነገረችው። "እና እኔ..." አለች።

እዚህ ላይ ቆመች። እሱ ይጠብቃል። "እና እኔ እንግዲህ..." አለች እንደገና።

ማሰሪያው የለም። በትዳሯ ሙሉ ሰውዬው አላስጨርስ አለኝ እያለች ስታማው ኖራለች፤ ዛሬ ሜዳውን ለቅቆላት ሲቀመጥ የምትጨርስበት ቃል አጣች። መጨረሻ ማዘጋጀት አስፈልጓት ስለማያውቅ አላዘጋጀችም ነበር። የስፌት መኪናዋን ጎማ በጣቷ አሽከረከረች። ባልዋም ምራቁን መዋጥ እያቃተውም ቢሆን ጠበቃት።

"በቃ፣ ጨርሻለሁ" አለች በመጨረሻ። "ጥያቄ አንድ። ኃላፊዋ ምን አለችኝ?"

ቁልፏን እጁ ላይ ተፋ። "አስተምሪልኝ።"

"እኔስ ምን መለስኩ?"

"ገና አልመለስሽም።"

"ለምን?"

ከመመለሱ በፊት ቁልፏን እያገላበጠ አሰበ። ይህም አዲስ ነገር ነበር። "ፈርተሽ ይመስለኛል" አለ ቀስ ብሎ። "ብላክቦርድ ፊት ቆሞ መናገሩን። ደግሞም የምታማክሪው ሰው አጣሽ፤ እኔ ዩኒፎርም ዩኒፎርም ስል።"

ልብስ ሰፊዋ ሁሉንም መልስ ልክ ብላ ሰጠችው። ቁልፏንም በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ወደ ጣሳው መለሰች።

ከዚያ በኋላ ቤቱ የፈተና አዳራሽ ሆነ። ከራት በፊት አንድ ቅጂ፣ ከራት በኋላ አንድ። መምህርቷ የፈተናው ክፍል ኮሽታ አያጣውም ስላሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ሆን ብላ የስፌት መኪናዋን ታንቀጠቅጥበታለች። በቅጂዎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቤተሰብ ሆኑ። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው የጠፋበት ሰው፣ የትኛውን የቤት ኪራይ እንደምትመርጥ ቁርጥ ያላለላት ተማሪ፣ ስለ ንብ አርባ ጊዜ ሐሳባቸውን የሚለዋውጡ ፕሮፌሰር። ክቡር አቶ ገባኝ ልብሱን እየለበሰ "ያ ሰውዬ ሻንጣውን አገኘው ይሆን?" ይላል። ሰዎች ዓረፍተ ነገራቸውን ሲጨርሱ ከአጀማመራቸው እንዲህ እንደሚርቁ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። ወይም ነግረውታል፤ ሳይጨርሱ ሄዷል።

ልምምዱ ከቤት ወጣ። የአንድ ሕንፃ ዘበኛ "ሊፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቆማል" ሲለው እንደ ድሮው መፍቻውን ይዞ አልሮጠም። ቆመ፤ ጠበቀ። ዘበኛው ግራ ተጋብቶ "...ሲወርድ ብቻ" አለ። አሁንም ጠበቀ። "...ያውም ዝናብ ሲጥል" አለ ዘበኛው። ሦስት ጊዜ ዕቃ ተቀይሮለት እምቢ ያለው ሊፍት፣ ለካ ጣሪያ ላይ በተሰነጠቀ ቧንቧ ውሃ ይንጠባጠብበት ኖሯል።

አንድ እሑድ ደግሞ ሳይነግራት ወጥቶ ቆየ። ፍለጋ ስትወጣ ጎረቤታቸው ደጅ፣ ድንጋዩ ላይ ከጎረቤትየው ጋር ተቀምጦ አገኘችው። "ያን ዕለት ስለ ልጅህ ልትነግረኝ የጀመርከውን እስኪ ጨርስልኝ" ብሎት ነው አሉ። ጎረቤትየው ሻዩ እጁ ላይ እስኪቀዘቅዝ ያወራል፤ ባልዋ ጉልበቱን አቅፎ ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ሳትጠራው በእግሯ ጣት ተመለሰች።

የፈተናው ጠዋት አብራው ሄደች። አዳራሹ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ የቀሚስ ጠርዝ እየጠለፈች ጠበቀችው። ከእሱ ይልቅ የጨነቀው እሷን ነበር፤ ያንኑ ጠርዝ ሁለት ጊዜ ፈትታ ሰፋችው። ከግድግዳው ወዲያ እሱ ለማያውቃቸው ሰዎች ቃል አፉን ዘግቶ መቀመጡን ስታስብ ድፍረት መጣባት። ስልኳን አውጥታ ለሙያ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደወለች። "ስለዚያ ስለ ማስተማሩ ጉዳይ፣ ብዙ አስቤበት፣ ፈራ ተባም ብዬ ነበር፣ እና እኔ እንግዲህ..." አለች፤ አየር ሳበች፤ "አስተምራለሁ" ብላ ዘጋችው።

እሱ ሲወጣ ጸጉሩ ቆሟል፤ ዓይኑ ያበራል።

"እንዴት ነበር?"

"ሰረዝኩ" አላት፣ ትልቅ ወንጀል እንደሚናዘዝ ሰው። "መልሴን ጽፌ ነበር፤ ሴትዮዋ ሐሳቧን ለወጠች፤ ሰረዝኩና እንደገና ጻፍኩ።"

ወደ ቤት ሲሄዱ ቅጂውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከላት። እሷም የራሷን ዜና ነገረችው። መሀል ላይ አላቋረጣትም፤ ማሰሪያዋን ስትጥል ግን መንገድ መሀል ቆሞ ሁለት እጇን ያዘ።

ውጤቱ የሚላከው በእሷ ስልክ ነው፤ የእሱ ስልክ በሥራ ሰዓት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይውላል። መልእክቱ የመጣው ለአንዲት ደንበኛ እጅጌ እየለካች ሳለ ነበር። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ደንበኛዋን ባለ አንድ እጅጌ አቁማ ወጣች። ባልዋ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው ረጅም የቢሮ ሕንፃ ላይ ነው የሚሠራው። ስትደርስ ሊፍቱ ቆሟል። ያቆመው እሱ ራሱ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ሆኖ እየጠገነው። ደረጃውን ተያያዘችው።

ላይ ስትደርስ ነፍሷ አፏ ላይ ነበረች። እሱ በተከፈተው የሊፍት በር አጠገብ ተንበርክኮ ሽቦ ያስራል። አያት፤ መፍቻውን በቀስታ አስቀመጠ፤ ተነስቶ ቆመ።

"ፈተናው..." አለች። ትንፋሽ የለም። ግድግዳውን ተደገፈች። "ያ... ማዳመጡ... ውጤቱ..."

ባልዋ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በታላቅ አክብሮት ጠበቃት።

ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ በሳቅ ተከፍቷል፤ ስልኩን እያውለበለበች ነው። አላፊ አግዳሚ ሳይቀር የሚገባው ነገር ነው። እሱ ግን ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ፊቱ ላይ አንዳች ግምት ሳያስነብብ፣ "አይዞሽ፣ እየሰማሁ ነው" አላት።

"አንተ ሰውዬ" አለች ደረቷን ይዛ፣ "ምናለ አሁን እንኳ ሳልጨርስ ቢገባህ?"

"አይሆንም" አለ። "ማሰሪያውን ከአንቺ አፍ ልስማው።"

"አለፍክ" አለችው።

ክቡር አቶ ገባኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ትንፋሿ ሲመለስላት ነገሩን ከሥሩ ጀመረችለት፤ የማንን እጅጌ እየለካች እንደነበር፣ ስልኩ ጨርቅ ስር ሆኖ እንዴት እንደጮኸ፣ ደንበኛዋ ምን እንዳለች፣ በየትኛው ፎቅ ላይ ልትወድቅ እንደነበር። ከታች በየፎቁ የቆሙ ሰዎች የሊፍቱን መጥሪያ ደጋግመው ይጫናሉ፤ አንዱ እንዲያውም በሩን መደብደብ ጀምሯል። ባልዋ ሁሉንም ይሰማል። ከተቀመጠበት ግን ንቅንቅ አላለም፤ እሷ በወሬዋ ገና አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች።