የሞጣ ሰው በጣም ይፈልጋል

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በመጠይቅ ጥናት ማድረግ በሕግ መከልከል አለበት። አትቆጡ፤ መጀመሪያ የደረሰብኝን ስሙና ከዚያ ፍረዱ።

ቢቸና ባለችው ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን የመሬት አስተዳደር አስተምራለሁ። ቢቸናን እወዳታለሁ። ቤት ሠርቼባታለሁ፤ ባለቤቴም ሥራዋ እዚሁ ነው። ታዲያ ባለፈው ዓመት ዲናችን አስጠራኝና፣ "አዲስ የማስተርስ ፕሮግራም ቅረጽ። አሥር ተማሪ ካገኘህ የትምህርት ክፍሉ እዚህ ይቀጥላል። ካላገኘህ ጠቅልለን ወደ ዋናው ግቢ እንሄዳለን" አለኝ። "እንሄዳለን" ይበል እንጂ የሚሄደው እኔ ነኝ። የእሱ ቤት ዱሮም እዚያው ነው።

ሥርዓተ ትምህርት መቅረጽ የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። የሌሎችን የኮርስ ዝርዝር ታያላችሁ (ገለበጣችሁ አላልኩም)፣ ዓላማውን ታሳምራላችሁ፣ በየገጹ "ዘላቂ" የምትል ቃል ጣል ታደርጋላችሁ። ጣጣው ያለው የፍላጎት ዳሰሳ የሚሉት ላይ ነው። ፕሮግራሙ ቢከፈት ማን ይማርበታል? ይህን ላጣራ መጠይቄን በፌስታል ይዤ በሚኒባስ ሞጣ ገባሁ።

በመሬት ጽሕፈት ቤቱ የተቀበሉኝ ጋሽ ሙሉዓለም የሚባሉ፣ ጸጉራቸው ሥራው ላይ የሸበተ ባለሙያ ናቸው። ፌስታሉን እንኳ ገና አልፈታሁም።

"ከቢቸና ድረስ ለዚህ ብለህ ነው የመጣኸው?"

"አዎ ጋሼ።"

"በል መጀመሪያ እህል ቅመስ።"

ምሳ በላን፤ ጠላም ተቀዳ። መጠይቁ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ሙሉዓለም ጥያቄውን ሳያነቡ "በጣም እፈልጋለሁ" የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ከጎናቸው ያለውም እንደሳቸው አደረገ። ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ፤ "አልፈልግም" ያለ አንድ ሰው ጠፋ። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር "እኔ ምን አጠፋሁ?" ብሎ ተቀብሎኝ ሞላ። እኔም ሞኙ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሰነዱን የመረመሩት የውጭ ገምጋሚ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"አንድም የማይፈልግ የለም?"

"የለም።"

"እንዴት ያለ ትምህርት ወዳድ ሕዝብ ነው" አሉና ፈረሙ። ሴኔቱም አጸደቀ... ምዝገባ ተከፈተ... ሁለት ሳምንት ሙሉ የመዝጋቢዋን በር ያንኳኳ አልነበረም። መዝጋቢዋ ሹራብ ሠርታ ጨረሰች።

ስልኬን አንስቼ መጠይቁን ለሞሉት መደወል ጀመርኩ። አንዱ ቤት እየሠራ ነው፣ አንዱ ልጅ ሊድር ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ ብቻ እውነቱን ነገረኝ፤ "መምህር፣ ያን ሁሉ መንገድ ደክመህ መጥተህ አልፈልግም ብዬ ልመልስህ? ሰው አይደለሁም እንዴ?"

ለካስ እኔ ስለካው የነበረው የትምህርት ፍላጎት ሳይሆን እንግዳ አክባሪነት ኖሯል! ሳቄ አልመጣም፤ ፈራሁ። የቤቴ በርና መስኮት ሁሉ ዓይኔ ላይ ዞረ። ባለቤቴ ግን ከእኔ ይልቅ አገሯን ታውቃለች።

"በስልክ እምቢ ካሉህ በአካል ሂድባቸዋ" አለችኝ።

ሄድኩባቸው። ከእያንዳንዳቸው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፤ የምዝገባ ቅጹን አስቀመጥኩና ዝም አልኩ። ምንም አልለመንኩም። መሬት መሬት እያየሁ ተነፈስኩ እንጂ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዘጠኝ ሰው ፈረመልኝ። ነውር እንደሠራሁ አውቃለሁ፤ እናንተም ቤት ሠርታችሁ እዩት።

አሥረኛ አድርጌ የቆጠርኳቸው ጋሽ ሙሉዓለም ግን ገጠር ለልኬት ወጥተዋል። ምዝገባው የሚዘጋው በማግስቱ ነበር። ወደ ቢቸና ተመለስኩ።

በማግስቱ መዝጋቢዋ በሯን ልትዘጋ ቁልፏን ስታነሳ፣ ጋሽ ሙሉዓለም ማስረጃቸውን በክላሰር ይዘው፣ አቧራ ለብሰው ከች አሉ።

"ቢሮዬ ድረስ መጥተህ አጣኸኝ አሉ። ምሳ ሳትበላ መሄድህን ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የምፈርመው የቱ ጋ ነው?"

ፈረሙ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጠሁ። ጋሽ ሙሉዓለም ከፊት ተቀምጠው፣ አዲስ ደብተር ዘርግተው ያልኩትን ሁሉ ይጽፋሉ። ደስ አለኝ። ልጨርስ ስል እጃቸውን አወጡ።

"መምህር፣ ሥልጠናው የሚያልቀው ነገ ነው ከነገ ወዲያ?"



"ሥልጠና አይደለም ጋሼ... ማስተርስ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል።"

ደብተራቸውን አዩ፤ በሩን አዩ፤ እኔን አዩኝ። በዚያች ደቂቃ ቤቴን ለመሸጥ ዋጋ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ጋሽ ሙሉዓለም ግን በረዥሙ ተንፍሰው እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሱ።

"እኔ ጡረታ ልወጣ የቀረኝ አንድ ዓመት ነው" አሉ። "ግን አስተማሪ እየተናገረ ተነስቶ ይወጣል? በል ቀጥል።"